ደኑን የሚያጠኑና በደኑ የሚኖሩ፦ የምርምር ትብብር ለቡና ደን ማኅበረሰቦች ምን አመጣ?

የአውሮፓ ኅብረት ደን ተመንጥሮ የተመረተ ቡና፣ ካካዎ፣ እንጨትና ሌሎች ምርቶች ወደ ገበያው እንዳይገቡ ያወጣው ሕግ ሥራ ላይ የሚውልበት ቀን ለሁለተኛ ጊዜ ተራዝሟል። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ይህ ሕግ በ2024 መጨረሻ እንዲጀመር ታስቦ የነበረ ሲሆን፣ መጀመሪያ በአንድ ዓመት፣ ቀጥሎም ለትልልቅ ኩባንያዎች እስከ 2026 መጨረሻ እንዲቆይ ተወስኗል። በዚሁ መካከል በቡና አብቃይ አካባቢዎች የአርሶ አደሩን ማሳ በጂፒኤስ የመመዝገብ ሥራ በመጀመሩ፣ ከዓመታት በፊት የነበረ አንድ ክርክር እንደገና ተቀስቅሷል። አንደኛው ወገን፣ የውጭ ተቋማት ከአገር ውስጥ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር በመጣመር በደኖቻችን ላይ የሚያካሂዱት ምርምር ዘሩንና መረጃውን ለውጭ ገበያ የሚያቀርብ፣ ለነዋሪው ግን ምንም የማይተው ነው ይላል። ሌላው ወገን ደግሞ እነዚህ ትብብሮች ባይኖሩ ኖሮ የካፋም ሆነ የያዩ ደን እስካሁን ባልቆየ ነበር ሲል ይከራከራል።

ሁለቱም አቋሞች መሠረት አላቸው፤ ሁለቱም ግን አንድ ነገር ይዘላሉ። ላለፉት ሃያ ዓመታት በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የተካሄዱት ትብብሮች ጠቀሙ ወይስ አልጠቀሙም የሚለው ጥያቄ በአብዛኛው የተወሰነው በምርምሩ ጥራት ወይም በገንዘቡ መጠን ሳይሆን፣ ነዋሪው በደኑ ላይ የነበረው ሕጋዊ መብት ምን ያህል ነበር በሚለው ነው። ከዚህ በታች የሚቀርበው ትንታኔ ይህን ለማሳየት ይሞክራል። የተጠቀሱት ዓመታት፣ ከአዋጅ ቁጥሮች በስተቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከደኑ የሚገኝ ገቢ

በሐሩር አካባቢ ደኖች የሚኖሩ ማኅበረሰቦች ከደን ምን ያህል እንደሚያገኙ ለረጅም ጊዜ በግምት ብቻ ሲነገር ቆይቷል። ይህን ግምት በመረጃ የተካው፣ መቀመጫውን በኢንዶኔዥያ ቦጎር ያደረገው ዓለም አቀፍ የደን ምርምር ማዕከል (ሲፎር) ያስተባበረውና ውጤቱ በ2014 የታተመው ጥናት ነው። በ24 አገሮች ወደ 8,000 የሚጠጉ ቤተሰቦችን ያካተተው ይህ ጥናት፣ ከቤተሰቡ ጠቅላላ ገቢ 28 በመቶው ሰው ካልዘራውና ካላረባው የተፈጥሮ ሀብት እንደሚገኝ፣ ከዚህም ውስጥ ከሦስት አራተኛ በላይ የሚሆነው ከተፈጥሮ ደን እንደሚመጣ አሳይቷል። ከዚሁ ጥናት ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ሌላ ግኝት አለ። የደን ገቢ ከድሆች ኑሮ ውስጥ የሚይዘው ድርሻ ከፍ ያለ ቢሆንም፣ በብር ሲሰላ ከደኑ አብዝተው የሚወስዱት የተሻለ ኑሮ ያላቸው ናቸው፤ ልዩነቱም አምስት እጥፍ ገደማ ነው። ስለዚህ ከደን የሚገኘው ጥቅም አደገ ማለት ብቻውን ድሃው ተጠቀመ ማለት አይደለም።

በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ይህ ገቢ ከቡና፣ ከማር፣ ከኮረሪማና ከጥምዝ የሚገኝ ነው። ማሩ በአብዛኛው ከረጃጅም ዛፎች ላይ በሚሰቀል ባህላዊ ቀፎ ይመረታል፤ ጌተም፣ ዶቅማ፣ ብሳናና ግራዋ በየወቅታቸው ሲያብቡ ማሩም ቀለሙንና ጣዕሙን ይቀያይራል። በሸካ፣ በካፋና በአጎራባች አካባቢዎች እንዲህ ያለው ሥራ የዘፈቀደ አልነበረም። ኮቦ በሚባለው ልማዳዊ የይዞታ ሥርዓት የትኛው የደን ክፍል ለየትኛው ቤተሰብ ቀፎ መስቀያ እንደሚሆን ይታወቃል፤ ይዞታውም ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል። የመንግሥት ሕግ ለረጅም ጊዜ ያልመዘገበው ይህ ሥርዓት፣ ኋላ እንደምናየው፣ ለብዙ ትብብሮች መሳካትና መሰናከል ምክንያት ሆኗል።

ምርምሩ ከየት ጀመረ?

ስለ ምርምር ትብብር ሲነሳ ወሬው ከውጭ ተቋማት ቢጀምርም፣ በቡና ደኖች ላይ ከተካሄዱት ሥራዎች ለገበሬው ከፍተኛ ውጤት ካስገኙት አንዱ የአገር ውስጥ ተመራማሪዎችና የደኑ ነዋሪዎች ያገኙት ውጤት ነው። በ1971 ሲቢዲ በሚል ምኅጻር የሚታወቀው የቡና ፍሬ በሽታ ኢትዮጵያ ውስጥ ተከሰተ። ፍሬውን ገና አረንጓዴ ሳለ የሚያጠቁረው ይህ የፈንገስ በሽታ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወደ ዋና ዋናዎቹ ቡና አብቃይ አካባቢዎች ተዛመተ። በጅማ መልኮ የሚገኘው የምርምር ማዕከል ባለሙያዎች መፍትሔውን የፈለጉት በላቦራቶሪ ብቻ ሳይሆን በየደኑና በየጓሮው እየዞሩ በሽታው መካከል ጤነኛ ሆነው የቆሙ የቡና ዛፎችን በመምረጥ ነው። ዛሬ ገበሬው በቁጥር የሚጠራቸው 74110ን፣ 74112ን፣ 74140ንና ሌሎቹን የሰጠው በኢሉ አባ ቦር መቱ አካባቢ የተካሄደው የ1974 የቡና ዛፍ መረጣ ነው፤ 74 የሚለው ቁጥር ዓመቱን ያመለክታል። እነዚህ ዝርያዎች ከአገር አልፈው በውጭ የቡና ቆዪዎች ከረጢት ላይ እስከመጻፍ ደርሰዋል።

የውጭ ተቋማት ሰፊ ተሳትፎ የመጣው በ2000ዎቹ መጀመሪያ ነው። በጀርመን ቦን ዩኒቨርሲቲ የልማት ምርምር ማዕከል ከኢትዮጵያ የምርምር ተቋማት ጋር በመሆን ከ2002 ጀምሮ በአራት ደኖች፣ ማለትም በባሌ ሐረና፣ በቦንጋ፣ በሸኮ ብርሃነ ኮንትርና በያዩ፣ የዱር ቡናን ሥነ ምህዳር፣ የዘር ብዝኃነትና ኢኮኖሚያዊ ዋጋ አጠና። በ2006 ከዚሁ ሥራ ጋር ተያይዞ የወጣ ስሌት፣ በኢትዮጵያ ደኖች ያለው የቡና ዘር ሀብት ለዓለም የቡና ኢንዱስትሪ የሚሰጠው ዋጋ እንደ ስሌቱ መነሻ ከ420 ሚሊዮን እስከ 1.46 ቢሊዮን ዶላር እንደሚደርስ ገመተ። የኢትዮጵያ ቡና ደን ፎረም የተባለው አገር በቀል ድርጅትም የተወለደው ከዚህ ሂደት ነው። በ2010 የካፋና የያዩ ደኖች በዩኔስኮ ባዮስፌር ሪዘርቭነት ተመዘገቡ። ባዮስፌር ሪዘርቭ ማለት ምንም ንክኪ የማይፈቀድበት ማዕከል፣ በዙሪያው የተወሰነ አጠቃቀም የሚፈቀድበት ቀጣና፣ ከዚያም ውጭ ሰው የሚኖርበትና የሚያርስበት ቀጣና ያለው ጥብቅ ስፍራ ነው። ሸካ በ2012፣ ማጃንግ በ2017 ተከትለዋል።

ከእነዚህ ሁሉ በተለየ ጥንቃቄ መታየት ያለበት ግን ብዙም ያልተወራለት አንድ ፕሮጀክት ነው። የእንግሊዙ ሀደርስፊልድ ዩኒቨርሲቲ ከኢትዮ ረግረጋማ ሥፍራዎችና የተፈጥሮ ሀብት ማኅበርና ከሌሎች አጋሮች ጋር ከ2003 እስከ 2013 በማሻ፣ በአንደራቻ፣ በጌሻ፣ በሸኮና በአካባቢው ሠርቷል። የመጀመሪያው ምዕራፍ ያተኮረው እንጨት ነክ ባልሆኑ የደን ውጤቶች ላይ ነበር፤ ይኸውም ማሩን፣ ቅመማ ቅመሙንና ቡናውን በጥራት አምርቶ በተሻለ ዋጋ መሸጥ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ደኑ ገቢ ካስገኘ ነዋሪው ይጠብቀዋል። በሁለተኛው ምዕራፍ ግን አሳታፊ የደን አስተዳደር የፕሮጀክቱ ማዕከል ሆነ፤ ስሙም ተቀየረ። ምክንያቱ ግልጽ ነበር። ነዋሪው ደኑን ከባለሀብት፣ ከሰፋሪ ወይም ከጎረቤት ቀበሌ የመከላከል ሕጋዊ ሥልጣን ከሌለው፣ የማሩ ዋጋ መጨመር ብቻውን ዛፉን አያቆመውም። ደኑ ነገ ለሻይ ወይም ለቡና እርሻ ሊሰጥ እንደሚችል የሚያስብ ሰው ዛሬ የሚያገኘውን ቢያጣድፍ አይፈረድበትም።

አሳታፊ የደን አስተዳደር እንዴት ይሠራል?

አሳታፊ የደን አስተዳደር የሚባለው አሠራር፣ መንግሥት የደኑን ባለቤትነት ይዞ አጠቃቀሙንና ጥበቃውን በስምምነት ለተደራጁ ነዋሪዎች የሚያስተላልፍበት ነው። በኢትዮጵያ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በጭልሞ፣ በቦንጋ፣ በአዳባ ዶዶላና በሌሎች ቦታዎች ተሞክሯል። ሥራው የሚጀምረው ከድንበር ነው። ሽማግሌዎች፣ የቀበሌ አስተዳዳሪዎች፣ የደን ባለሙያዎችና የአጎራባች ቀበሌ ተወካዮች በእግር እየዞሩ ወንዙን፣ ጋራውን፣ ትልልቁን ቀረሮና ዋንዛ ምልክት ያደርጋሉ፤ የእያንዳንዱ ምልክት ነጥብ በጂፒኤስ ይመዘገባል። ቀጥሎ በውስጡ ያለው ደን ይቆጠራል፤ ስንት ዛፍ፣ ምን ዓይነት፣ ምን ያህል ችግኝ እንዳለ ይመዘገባል። ከዚያ በኋላ ማኅበሩ መተዳደሪያ ደንቡን ያጸድቃል፣ ከወረዳው ጋር ስምምነት ይፈርማል። ዙሪያውን የመዞሩ ሥራ ብቻ ቀናት ይወስዳል፤ አንዱ ቀበሌ የእኔ ነው ያለውን ሌላው ሲቃወም ደግሞ ወራት ይፈጃል። የምርምር ተቋማቱ ድርሻ ከፍ ብሎ የታየው በዚህ ደረጃ ነው፤ የደን ቆጠራውን ዘዴ ሽማግሌውም ወጣቱም በሚችለው መንገድ ቀለል አድርገው አቅርበዋልና።

ውጤቱን በቁጥር ካሳዩት ጥናቶች አንዱ በጅማ ዞን በለጤ-ጌራ የተካሄደው ነው። በጃፓን መንግሥት ድጋፍ የተቋቋሙትን የደን አስተዳደር ማኅበራት የሳተላይት ምስል በመጠቀም ያጠኑ ተመራማሪዎች በ2012 እንዳሳተሙት፣ ማኅበር በተቋቋመባቸው መንደሮች የደኑ ስፋት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት 1.5 በመቶ ሲጨምር፣ ማኅበር ባልነበረባቸው 3.3 በመቶ ቀንሷል። ይሁንና ከዚያው ጥናት የሚወጣ ሌላ እውነት አለ። ማኅበሩ በተቋቋመበት ዓመት ደኑ ማኅበር ከሌላቸው መንደሮች ይበልጥ ተመናምኖ፣ ኋላ ነው ያገገመው፤ ተመራማሪዎቹ እንደሚገምቱት ነዋሪው ሕጉ ከመጥበቁ በፊት የመጨረሻ ዕድሉን ለመጠቀም ተሽቀዳድሟል። ይህ የሚያስተምረው ብዙ ነው። ስምምነቱ ለዓመታት እየተንከባለለ በወሬ ብቻ የሚቆይ ከሆነ፣ ወሬው ራሱ ደኑን ያስጨፈጭፋል።

የኢትዮጵያ የደን ሕግ በዚህ ረገድ ተሻሽሏል። አዋጅ ቁጥር 542/1999 የሚያውቀው የመንግሥትና የግል ደንን ብቻ ነበር። በአዋጅ ቁጥር 1065/2010 የማኅበረሰብ ደንና የማኅበር ደን በግልጽ ዕውቅና አግኝተዋል። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። ነገር ግን አሳታፊ አስተዳደር ያለባቸው አብዛኞቹ የተፈጥሮ ደኖች አሁንም በመንግሥት ደንነት የሚቆጠሩ በመሆናቸው፣ ማኅበሩ የያዘው የስምምነት ሰነድ እንጂ የይዞታ ማረጋገጫ አይደለም። ስምምነት የፈረመው የወረዳ ኃላፊ ሲቀየር ወይም መሥሪያ ቤቱ በሌላ ሲታጠፍ ሰነዱ ምን ያህል እንደሚጸና የሚወሰነው በመልካም ፈቃድ ነው።

ዋጋ ሲጨምር ደኑ ምን ይሆናል?

በያዩ የእንግሊዙ ኪው የእጽዋት ማዕከል፣ የኢትዮጵያ ቡና ደን ፎረምና አንድ የእንግሊዝ ቡና ቆዪ ኩባንያ በጋራ የሠሩት ሥራ፣ ምርምር ወደ ገቢ የሚለወጥበትን መንገድ በቅርብ ለማየት ይረዳል። የደን ቡና ባህላዊ አያያዙ ለጥራት አይመችም። አረንጓዴውና ቀዩ ፍሬ በአንድነት ይለቀማል፣ መሬት ላይ ይሰጣል፣ የአፈር ሽታ ይይዛል፤ ጀንፈሉ፣ ማለትም ከነገለባው የደረቀው ቡና፣ ወደ አቅራቢው ሲደርስ ከሌላው ጋር ተደባልቆ በተራ ዋጋ ይሸጣል። ቀዩ ብቻ እንዲለቀም፣ ከመሬት ከፍ ባለ የሽቦ ወንፊት አልጋ ላይ በስሱ ተሰጥቶ በቀን በተደጋጋሚ እንዲገለበጥ፣ በማታና በዝናብ ጊዜ እንዲሸፈን ማድረግ ትልቅ ካፒታል አይጠይቅም። ያን ያደረጉ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ቡናቸው ከያዩ ደን መሆኑ ታውቆ የተሻለ ዋጋ አግኝተዋል።

ታዲያ እዚህ ላይ በተመራማሪዎች መካከል እስካሁን ያልተዘጋ ክርክር አለ። ቡና ዋጋ ሲያወጣ ገበሬው ብዙ ምርት ለማግኘት ከሥር ያለውን ቁጥቋጦ ይመነጥራል፣ የጥላ ዛፎችን ያሳሳል፣ ከችግኝ ጣቢያ ያመጣውን ዝርያ ይጨምርበታል። በዚህ መንገድ የደን ቡና ወደ ከፊል ደን ቡና ይለወጣል፤ ምርቱ በብዙ እጥፍ ያድጋል፤ የዛፍ ዓይነቱ ግን ይቀንሳል፣ ዛፍ የሚተካው ቡቃያም በየዓመቱ አብሮ ይታጨዳል። በጌራ አካባቢ የተሠሩ ጥናቶች የደረሱበት መደምደሚያ ሁለት ወገን ያለው ነው፦ ቡና ያለበት ደን ሙሉ በሙሉ ወደ በቆሎ ማሳነት ከመቀየር ይድናል፤ ውስጡ ግን እየሳሳ ይሄዳል። በበለጤ-ጌራ የደን ቡና የምስክር ወረቀት ያገኙ ቦታዎች ካላገኙት በተሻለ መጠበቃቸውም ተመዝግቧል።

የዘሩ ጉዳይ ደግሞ ተጨማሪ ጭንቀት ፈጥሯል። ከደኑ ተመርጠው በሽታን እንዲቋቋሙ የተለቀቁት ዝርያዎች ተመልሰው ደኑ ውስጥ ሲተከሉ ከዱር ቡናው ጋር ይዳቀላሉ። የጅማ ዩኒቨርሲቲና የቤልጂየሙ ሉቨን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህን መደበላለቅ በዘረመል ምርመራ አሳይተዋል። ገበሬው ከበሽታ የሚያድነውን ዝርያ ቢተክል የሚወቀስበት ምክንያት የለም። የዱር ዘሩ መጠበቅ የዓለም ጥቅም ከሆነ፣ ምርት ቀንሶ የሚጠብቀው ሰው ብቻውን ወጪውን መሸከሙ ፍትሐዊ አይደለም። የ2006ቱ የቢሊዮን ዶላር ስሌት ለነዋሪው የሰጠው ነገር ቢኖር ይህን መከራከሪያ ነው፤ ገንዘቡ ግን ወደ መንደሩ የሚወርድበት ቧንቧ እስካሁን አልተዘረጋም።

ዘሩና ዕውቀቱ የማን ነው?

በ2004 የብራዚል ተመራማሪዎች ካፌይን የሌላቸው የአረቢካ ቡና ዛፎች ማግኘታቸውን ኔቸር በተባለው መጽሔት አስታወቁ። ዛፎቹ የተገኙት ከኢትዮጵያ የመጡ 300 ያህል የቡና ናሙናዎችን የሚወክሉ 3,000 ዛፎች ተመርምረው ሲሆን፣ የዘሩ መነሻ በ1964 በኢትዮጵያ የተካሄደው ዓለም አቀፍ የዘር ማሰባሰብ ዘመቻ ነበር። ዜናው በኢትዮጵያ ቁጣ አስነሳ። በሕግ ሲታይ ግን የሚያስኬድ መንገድ አልነበረም፤ የዓለም የብዝኃ ሕይወት ስምምነት ሥራ ላይ የዋለው በ1993 መጨረሻ በመሆኑ ከዚያ በፊት የወጣ ዘርን አይመለከትም።

ኢትዮጵያ ከዚያ በኋላ በአዋጅ ቁጥር 482/1998 የጄኔቲክ ሀብት አርክቦትንና የማኅበረሰብ መብትን ደነገገች። አርክቦት ማለት ዘርን ወይም ሌላ ሕያው ናሙናን ለምርምርና ለልማት የመውሰድ ፈቃድ ነው። በአዋጁ መሠረት መንግሥት ከእንዲህ ዓይነቱ ፈቃድ በገንዘብ ከሚያገኘው ጥቅም ግማሹ ለአካባቢው ማኅበረሰብ ይደርሳል። በ2014 ሥራ ላይ የዋለው የናጎያ ፕሮቶኮልም ይህንኑ መርህ በዓለም አቀፍ ደረጃ ያጸናል። ሕግ መኖሩ ብቻ ግን ገንዘብ አያመጣም። በ2005 ስለ ጤፍ ከአንድ የኔዘርላንድስ ኩባንያ ጋር የተፈረመው ስምምነት በወቅቱ እንደ አርአያ ቢታይም፣ ኩባንያው በ2009 ከስሮ ለኢትዮጵያ የደረሰው ጥቅም እጅግ አነስተኛ ሆኖ ቀርቷል።

ዛሬ ጥያቄው ከዘር ወደ መረጃ ተሸጋግሯል። በ2024 የአረቢካ ቡና ሙሉ ዘረመል በከፍተኛ ጥራት ተነቦ ታትሟል። መረጃው ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር የሚተላለፍ ስለሆነ እንደ ዘር ከረጢት ኬላ ላይ አይያዝም። በዚያው ዓመት በኮሎምቢያ ካሊ የተሰበሰቡት የብዝኃ ሕይወት ስምምነቱ አባል አገሮች፣ ከዘረመል መረጃ የሚያተርፉ ትልልቅ ኩባንያዎች ከትርፋቸው 1 በመቶ ወይም ከገቢያቸው 0.1 በመቶ ወደ አንድ የጋራ ፈንድ እንዲያስገቡ፣ ከዚያም ቢያንስ ግማሹ ለነባር ሕዝቦችና ለአካባቢ ማኅበረሰቦች እንዲውል ወስነዋል። ክፍያው አስገዳጅ አይደለም። ገንዘቡ ቢሰበሰብ እንኳ ተቀባዩ ማኅበረሰብ ሕጋዊ ስም፣ የባንክ ሒሳብና ዕውቅና ያለው አደረጃጀት ሊኖረው ግድ ነው፤ ጉዳዩ ተመልሶ ከይዞታና ከአደረጃጀት ጋር የሚገናኘው እዚህ ላይ ነው።

ዘሩን ሙሉ በሙሉ መዝጋት ይሻላል የሚሉ አሉ። ቁጭታቸው ተገቢ ነው። ቢሆንም የመዝጋቱ ዋና ተጎጂ የአገር ውስጥ ተመራማሪ ሊሆን ይችላል። የኪውና የኢትዮጵያ ባለሙያዎች በ2017 በጋራ ያሳተሙት ጥናት፣ ምንም እርምጃ ካልተወሰደ አሁን ቡና ከሚበቅልበት መሬት ከ39 እስከ 59 በመቶው በአየር ንብረት ለውጥ የተነሳ ለቡና የማይመች እንደሚሆን፣ ቡናው ወደ ከፍታ ቦታዎች ቢሸጋገርና ደን ቢጠበቅና ቢተከል ግን ተስማሚው መሬት ከአራት እጥፍ በላይ ሊሰፋ እንደሚችል አመልክቷል። እንዲህ ያለ ሥራ የአገር ውስጡን የመስክ ዕውቀትና የውጩን የስሌት አቅም ሳያጣምሩ አይሠራም።

ከማኅበሩ ውጭ የቀሩት

ማኅበረሰብ ስንል አንድ ወጥ ቡድን አድርጎ የማየት ልማድ ብዙ ትብብሮችን ጎድቷል። በካፋና በሸካ ለትውልዶች ከማኅበራዊ ኑሮ የተገለለው የማንጆ ማኅበረሰብ መተዳደሪያው በአመዛኙ የማገዶና የከሰል ሽያጭ ነው። ደኑ በማኅበር ሲያዝ መጀመሪያ የሚከለከለው ደግሞ ከሰል ነው። በቦንጋ አንዳንድ ማኅበራት ማንጆዎችን በአባልነትና በአመራር በማካተት የተሻለ መንገድ አሳይተዋል፤ ይህ ባልተደረገበት ቦታ ግን ጥበቃው በድሃው ኪሳራ የተገነባ ይሆናል።

የሴቶችም ጉዳይ እንዲሁ ነው። ቀፎ ለመስቀል ረጅም ዛፍ መውጣት የወንድ ሥራ ተደርጎ ስለሚታይ፣ ጓሮ ውስጥ የሚቀመጥ ዘመናዊ ቀፎ ሲመጣ ሴቶች የማር ገቢ ለማግኘት ዕድል ተከፈተላቸው። ብዙ ፕሮጀክቶች በዚህ ምክንያት ዘመናዊ ቀፎን ያበረታታሉ። አንድ ነገር ግን መመዘን ይገባዋል። ዛፍ ላይ የተሰቀለው ባህላዊ ቀፎ ባለቤቱን ከዚያ ዛፍ ጋር ያስተሳስረዋል፤ ያንን ጌተም የሚቆርጥ ሰው ቢመጣ የሚከራከረው እሱ ነው። ቀፎው ሁሉ ወደ ጓሮ ከወረደ ያ ጠበቃ ይጠፋል። ሁለቱን ጎን ለጎን ማስኬድ የሚሻል ይመስላል።

ሌላው ችግር ጊዜ ነው። አብዛኛው የትብብር ገንዘብ ለሦስት ወይም ለአራት ዓመት የሚሰጥ ሲሆን፣ ቀረሮ ግን በአራት ዓመት ከቁጥቋጦነት አያልፍም። የጥናቱ ውጤት በእንግሊዝኛ መጽሔት ላይ ሲታተም ፕሮጀክቱ ተዘግቷል፣ መኪናው ተመልሷል፣ ባለሙያው ሌላ ሥራ ይዟል። በካፊኛ፣ በሸክኛ ወይም በኦሮምኛ ለማኅበሩ ተመልሶ የሚነገር ውጤት ከስንት አንድ ነው።

የአውሮፓው ሕግና የጋራ ደን

አሁን ወደ ተነሳንበት ሕግ እንመለስ። ሕጉ የሚጠይቀው ቡናው ከታኅሣሥ 31 ቀን 2020 በኋላ ደን ከተመነጠረበት መሬት አለመምጣቱን የሚያሳይ ማስረጃ ነው። ለዚህም የማሳው መገኛ ይመዘገባል። ከአራት ሄክታር በላይ ለሆነ ማሳ ፖሊጎን፣ ማለትም የማሳው ዙሪያ በካርታ ላይ ተሰምሮ እንዲቀርብ ይጠየቃል፤ ከዚያ በታች ለሆነው አንድ ነጥብ ይበቃል። የአብዛኛው ቡና አምራች ማሳ ትንሽ በመሆኑ መሬቴ በሙሉ ተለክቶ ለውጭ ተላለፈ የሚለው ስጋት በአመዛኙ ከዚህ አለማወቅ የመጣ ነው። መረጃው በማን እጅ ይቀመጣል፣ ገበሬው ቅጂውን ያገኛል ወይ፣ ለሌላ ገዢ ሲሸጥ ይዞት ይሄዳል ወይ የሚሉት ጥያቄዎች ግን በቂ መልስ ያላገኙ እውነተኛ ጥያቄዎች ናቸው።

ለደን ቡና ለቃሚው ችግሩ ከዚህ ይለያል። እሱ ቡናውን የሚለቅመው ከጋራ ደን ነው፤ በስሙ የሚመዘገብ ማሳ የለውም። በዚህ ላይ የደን ትርጓሜው ይለያያል። የአውሮፓው ሕግ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅትን ተከትሎ ከግማሽ ሄክታር በላይ የሆነ፣ ዛፎቹ ከ5 ሜትር በላይ የሚያድጉበትና ጥላቸው ከ10 በመቶ በላይ የሚሸፍን መሬትን ደን ይላል፤ በዋናነት ለእርሻ የሚውለውን ግን ያወጣል። ኢትዮጵያ የተቀበለችው መለኪያ 2 ሜትርና 20 በመቶ ነው። ከፊል ደን ቡና ከሳተላይት ሲታይ ደን ይመስላል፤ ገበሬውን ብትጠይቁት የአባቱ የቡና መሬት ነው። በ2020 እርሻ ነበር ከተባለ ችግር የለም፤ ደን ሆኖ ሳይለወጥ ቡናው ብቻ እየተለቀመ ከሆነም ችግር የለም። ችግር የሚፈጠረው ከዚያ ቀን በኋላ ከአንዱ ወደ ሌላው ተለውጧል ሲባል ነው። ከጥላው ሥር የተካሄደን ምንጠራ ደግሞ ሳተላይት በደንብ አያይም፤ ያልተደረገውንም ተደረገ ሊል ይችላል።

እዚህ ላይ የቆዩት ትብብሮች ያልታሰበ ጥቅም ሊሰጡ ይችላሉ። በቦንጋ፣ በሸኮና በያዩ ላለፉት ሃያ ዓመታት የተሠሩ የመስክ ልኬቶች፣ የማኅበራቱ የደን ቆጠራና የድንበር ነጥቦች፣ ከ2020 በፊት በዚያ ቦታ ምን እንደነበረ በመሬት ላይ የተመዘገበ ማስረጃ ናቸው። ይህ መዝገብ በዩኒቨርሲቲዎች ኮምፒውተርና በተዘጉ ፕሮጀክቶች ሪፖርት ውስጥ ተበታትኖ ይገኛል። ለማኅበራቱ ተመልሶ፣ ማኅበራቱም በአዋጅ ቁጥር 1065/2010 መሠረት የማኅበረሰብ ደን ባለይዞታ ሆነው ከተመዘገቡ፣ የደኑ ዙሪያ እንደ አንድ ማሳ በማኅበሩ ስም ለገዢ ሊቀርብ ይችላል፤ ለቃሚውም ቡናውን የሚያስረክበው የሚታወቅ ምንጭ ላለው ማኅበር ይሆናል። ይህ ካልሆነ ገዢዎች አደጋውን ለመቀነስ ማሳቸው በግል ከተመዘገበላቸው የተክል ቡና አምራቾች ብቻ መግዛትን ይመርጣሉ፤ የደን ቡናውም ምንጩ ሳይጠቀስ ለአገር ውስጥ ገበያ ወይም ምንም ለማይጠይቅ ሌላ ገዢ በዝቅተኛ ዋጋ ይሄዳል። ያኔ ደኑን ሳይመነጥር የኖረው ለቃሚ፣ ደን መንጥሮ ማሳውን ቀድሞ ካስመዘገበው ጎረቤቱ ያነሰ ያገኛል።